«ብርድ ነው» የተባለ ሳል፦ ሲኦፒዲን የማስመርመሪያና የመያዣ መንገድ

እናትዎ ከገበያ ሲመለሱ ዳገቱ መሐል ላይ ቆም ብለው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ነጠላው ምንም አልሆነም፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። «ኧረ ደህና ነኝ፣ ብርድ ነው» ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ያስላሉ፣ አክታ ይተፋሉ፣ ክረምት ሲገባ ይብስባቸዋል። አንዴ «አስም ነው» ተብለው ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ተሰጥቷቸዋል፤ ሌላ ጊዜ መርፌ ተወግተው ለጥቂት ቀን ቀሎላቸው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ቤትዎ ካለ ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእርስዎ ነው።

ሐኪሞች ሲኦፒዲ የሚሉት ሥር የሰደደ የሳንባ ቧንቧ ጥበት ሊሆን ይችላል። በዓመታት ጢስ የተቆጡ ቧንቧዎች ግድግዳቸው ይወፍራል፣ በአክታ ይሞላሉ፣ ይጠባሉ። ጫፋቸው ላይ ያሉት ትንንሽ የአየር ከረጢቶችም እየፈራረሱ መለጠጣቸውን ያጣሉ። ታማሚውን የሚያስጨንቀው አየር ማስገባቱ ይመስላል፤ የሚከብደው ግን ማስወጣቱ ነው። የቆየው አየር ሳይወጣ አዲሱ ይመጣና ደረት እንደተነፋ ይቀራል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የፈረሰውን መልሶ የሚገነባ መድኃኒትም የለውም። በአግባቡ ከተያዘ ግን ታማሚው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በእግሩ ደርሶ ይመለሳል። ካልተያዘ የሚያደርሰውን ጉዳት የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር ያሳያል፦ በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ 3.5 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አብዛኛው ሰው በሽታው እንዳለበት እንኳ አያውቅም። በ2022 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በኔፓል፣ በፔሩና በኡጋንዳ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምሮ ነበር። በሽታው ከተገኘባቸው ከ100 ሰዎች 95ቱ ያን ዕለት ነው የሰሙት።

መጀመሪያ የጢሱን ታሪክ ይጻፉ

በአውሮፓና በአሜሪካ የዚህ በሽታ ስም ሲነሣ ሲጋራ አብሮ ይነሣል። እኛ ዘንድ ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ እናቶችም ይታመሙበታል። ሐኪሙ በተጣበበ ሰዓት «ያጨሳሉ?» ይላቸዋል፤ «ኧረ በስመ አብ!» ይላሉ፤ ጥያቄው እዚያ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት አንድ ምሽት አብረው ተቀምጠው ይጠይቋቸውና በወረቀት ይያዙ።

ከስንት ዓመታቸው ጀምሮ ነው እንጀራ የጋገሩት? በእንጨት፣ በኩበት ወይስ በቅጠል? ማድ ቤቱ ከመኝታው የተለየ ነበር? ጢስ ማውጫ ነበረው? ጠላ ጠምቀው ወይም አረቄ አውጥተው ሸጠዋል? ይህን የመጨረሻውን አይዝለሉት፤ አረቄ የምታወጣ ሴት ከእሳቱ ፊት የምትቆይበት ሰዓት ከጋጋሪዋ ይበልጣል። አባወራው ያጨስ እንደነበር፣ በድንጋይ ወፍጮ፣ በሲሚንቶ ወይም በጥጥ ፋብሪካ የሠሩ እንደሆነ፣ ሳንባ ነቀርሳ ታክመው እንደሆነ ይጨምሩ።

ቀጥሎ የትንፋሹን ልክ በቁጥር ይጻፉ። ሐኪሞች ከ0 እስከ 4 የሚሄድ መለኪያ አላቸው። ከባድ ሥራ ካልሠሩ የማያጥራቸው 0 ነው። ሲቸኩሉ ወይም ትንሽ ዳገት ሲወጡ ካጠራቸው 1። ሜዳ ላይ ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ የሚቀሩ ወይም በራሳቸው እርምጃ ሲሄዱ የሚቆሙ ከሆነ 2። መቶ ሜትር ያህል ወይም ጥቂት ደቂቃ ተጉዘው ከቆሙ 3። ልብስ ሲለብሱ የሚያጥራቸው፣ ከቤት መውጣት ያቃታቸው 4። ቁጥሩን ከነቀኑ ይያዙ፤ መድኃኒቱ መሥራቱን ከስድስት ወር በኋላ የሚነግርዎ እሱ ነው።

አስም ነው የሚለውን ቃል በጭፍን አይቀበሉ፣ በጭፍንም አይጣሉ። አስም ብዙ ጊዜ በልጅነት ይጀምራል፣ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በመሐሉ ሰውየው ጤነኛ ነው። ሲኦፒዲ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ዓመት በኋላ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ከገባ አይወጣም። ሁለቱም ያሉባቸው ሰዎችም አሉ።

ነቀርሳና ልብ ይጣሩ

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለ ከሁሉ በፊት አክታ ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር። ለታማሚውም፣ አብሯቸው ለሚኖረውም፣ ኋላ ለምርመራ የሚነፉበትን መሣሪያ ለሚጠቀመው ሁሉ ይህ ይቀድማል። ነቀርሳ ታክመው በዳኑ ሰዎች ላይ የሚቀረው ጠባሳ ቧንቧን ሊያጠብ ይችላል፤ ስለዚህ ዳግመኛ የነቀርሳ መድኃኒት ሊጀመር ሲል «አክታው ምን አሳየ?» ብለው መጠየቅ ነውር አይደለም። እግር የሚያብጥ ከሆነ ወይም ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚቆርጣቸው ከሆነ ልባቸው ይታይ። የደረት ራጅ ለእነዚህ ይጠቅማል። ሲኦፒዲን ግን ራጅ አያረጋግጥም፤ «ራጁ ንጹሕ ነው» መባሉም ነፃ አያወጣም።

ማስነፋት

ወሳኙ ምርመራ ስፓይሮሜትሪ ይባላል። ሰውየው በአንድ ቱቦ ውስጥ በኃይል ይነፋል፤ መሣሪያው ምን ያህል አየር በምን ፍጥነት እንደወጣ ይለካል። ደም አይቀዳም፣ አያምም። ችግሩ ቦታው ነው፤ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። በትልልቅ ሪፈራል ሆስፒታሎችና በአንዳንድ የግል ተቋማት ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2013 ጀምሮ የሳንባ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ የሚያነበው ሐኪም ቁጥር ጨምሯል። ከክፍለ ሀገር ሰው ከማምጣትዎ በፊት ደውለው መሣሪያው እየሠራ መሆኑን፣ ከፓፍ በፊትና በኋላ የሚያስነፉ መሆኑን ይጠይቁ። ከፓፍ በፊት ብቻ የሚያስነፋ ቦታ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው።

በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ያጋጠማቸው ወይም ዓይናቸውን፣ ደረታቸውን ወይም ሆዳቸውን የተቀደዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ ምርመራው ይዘገያል። በዕለቱ ሐኪሙ ካልከለከለ ቧንቧ የሚከፍተውን ሳልቡታሞል ፓፍ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ4 ሰዓት ያቆዩት። ከባድ ምግብ አይብሉ። መቀነቱ ይላላ፤ ወገብ ተጠፍሮ ሙሉ ትንፋሽ አይሳብም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ቤት ውስጥ ማስረዳት ነው። ባለሙያው አፍንጫቸውን በመቆንጠጫ ይይዝና «በደንብ ይሳቡ… ይንፉ! ይንፉ! ይንፉ! አያቋርጡ!» እያለ ይጮኻል። ለማያውቀው ሰው ቁጣ ይመስላል። ብዙ እናቶች ሰው ፊት እንደዚያ መንፋት ያሳፍራቸዋል፤ ለስለስ አድርገው ይነፋሉ፤ ውጤቱም ይበላሻል። ንፋቱ እንደ ፍንዳታ ጀምሮ ሳንባው ባዶ እስኪመስል፣ ቢያንስ 6 ሰከንድ ያህል መቀጠል አለበት። ቢያንስ 3 ጥሩ ንፋት ይፈለጋል። ከዚያ 400 ማይክሮግራም ሳልቡታሞል፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ 4 ፓፍ ይሰጣሉ፤ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፤ እንደገና ይነፋል።

ወረቀቱ ሲወጣ ሁለት ቁጥር ይፈልጉ። ኤፍቪሲ የሚለው በሙሉ ንፋት የወጣው አየር ነው። ኤፍኢቪ1 የሚለው በመጀመሪያው አንድ ሰከንድ ብቻ የወጣው ነው። ከፓፍ በኋላ ያለውን ኤፍኢቪ1 ለኤፍቪሲ ያካፍሉት። ለምሳሌ 1.3 ሊትር ለ2.4 ሊትር ሲካፈል 0.54 ይሆናል። ከ0.70 በታች ከሆነ፣ ምልክቱና የጢሱ ታሪክም ካለ፣ ቧንቧው ጠቧል፤ በሽታው ሲኦፒዲ ነው ማለት ነው። ከፓፍ በኋላ ቁጥሩ ወደ ጤነኛው ልክ ከተመለሰ ወደ አስሙ ያዘነብላል። ከ0.60 እስከ 0.80 ባለው ድንበር ላይ ከወደቀ በሌላ ቀን ይደገም፤ ሽማግሌ ላይ ዕድሜው ራሱ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋልና።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። የበሽታው ክብደት የሚለካው ኤፍኢቪ1 ከሚጠበቀው ስንት በመቶ ነው በሚል ነው፦ 80 እና ከዚያ በላይ ቀላል፣ ከ50 እስከ 79 መካከለኛ፣ ከ30 እስከ 49 ከባድ፣ ከ30 በታች እጅግ ከባድ። «የሚጠበቀውን» ማሽኑ የሚያሰላው ካስገቡለት ዕድሜና ቁመት ነው። የትውልድ ዘመናቸው በግምት መታወቂያ ላይ የተጻፈላቸው እናት አሥር ዓመት ቢሳሳት መቶኛው ይዛባል። በጣልያን ጊዜ፣ በአብዮቱ ጊዜ እያሉ ዕድሜያቸውን ያጣሩ፤ ቁመታቸውም እዚያው ይለካ።

መሣሪያው ጨርሶ ካልተገኘ ሕክምና አይቅር። ሐኪሙ በታሪክና በምርመራ ገምቶ ይጀምራል፤ ማስነፋቱ ግን በተገኘው አጋጣሚ ይደረግ። ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት በግምት ላይ ሲቆም ደስ አይለኝም።

ጢሱን ከቤት ማውጣት

መድኃኒት እየወሰዱ ጢስ ውስጥ መቀመጥ ገንዘብ ማቃጠል ነው። በቻይና ዩናን ክፍለ ሀገር ሹዋንዌይ በሚባል ቦታ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በ2005 ታትሟል። ሰዎቹ በቤት ውስጥ በድንጋይ ከሰል የሚያበስሉ ነበሩ። ምድጃቸው ላይ ጢስ ማውጫ የገጠሙት፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ በሲኦፒዲ የመያዝ ዕድላቸው ቀነሰ፤ ልዩነቱ በግልጽ የታየው ግን 10 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚገጠመው ጢስ ማውጫ ለእናት ሳሉን ይቀንስላቸዋል፤ ዋናው ትርፉ ግን ምጣዱን ለምትረከበው ልጅ ነው። ይህን አስልተው ወጪውን ያውጡ።

መብራት ካለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሁሉ ይሻላል። ከሌለ ምርጥ የሚባለው ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፤ ጢስ ማውጫ ከሌለው ግን ጢሱን ከክፍሉ አያወጣም። ማገዶው ደረቅ ይሁን፤ ማድ ቤቱ ከመኝታው ይለይ። የታመሙት እናት መጋገሩን ለሌላ ይተዉ ወይም እንጀራ ይገዛ። በዚህ ላይ ክርክር ይኖራል፤ «እኔ እያለሁ እንጀራ ከሱቅ!» ይላሉ። ይታገሱና ያሸንፉ። ከሰል ጢሱ ስለማይታይ ንጹሕ ይመስላል፤ ዝግ ቤት ውስጥ ግን መርዝ ነው። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፤ ዕጣኑ ይቅር፣ ካልሆነም ይነስ።

የሚያጨስ ሰው ካለ ነገሩ አጭር ነው፦ ያቁም። በ1994 የታተመው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ያቆሙት ሰዎች የሳንባ አቅም የሚያሽቆለቁልበት ፍጥነት ማጨሳቸውን ከቀጠሉት በግልጽ እንደሚዘገይ አሳይቷል። ሺሻም ያው ነው።

ፓፉን መሳብ

ሁለት ዓይነት መድኃኒት አለ፤ አይምታቱብዎ። ሳልቡታሞል ለጭንቅ ሰዓት ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቧንቧውን ይከፍታል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያልቃል። ሌሎቹ እንደ ቲዮትሮፒየም ያሉት 12 ወይም 24 ሰዓት የሚቆዩ ናቸው፤ ደህና በሆኑበት ቀንም በየዕለቱ ይወሰዳሉ፤ ሥራቸው ሕመሙ እንዳያገረሽ ማድረግ ነው። የሚሳበው ስቴሮይድ፣ ለምሳሌ ቤክሎሜታዞን፣ ለአስም መሠረት ነው። ለሲኦፒዲ ግን ብቻውን አይሰጥም፤ ሕመሙ ለሚመላለስባቸውና በደም ምርመራ ኢኦሲኖፊል የሚባለው ሕዋስ ከፍ ላለባቸው ከረጅም ጊዜው መድኃኒት ጋር ይጨመራል። በ2007 ቶርች የተባለው ትልቅ ጥናት ስቴሮይድ ለሚስቡ ታማሚዎች የሳንባ ምች እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። አስም ነው ወይስ ሲኦፒዲ የሚለው ጥያቄ መድኃኒቱን የሚለውጠው ለዚህ ነው።

በየወሩ «አንድ መርፌ ውጉኝ» እየተባለ የሚወሰደው ዴክሳሜታዞን ለጊዜው ያቀላል። እየተደጋገመ ግን ስኳር ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ጡንቻ ያደክማል። እኔ ቢጠይቁኝ በዚህ በሽታ ላይ በአገራችን ከሚሠሩት ስሕተቶች የከፋው ይህ ነው።

አሁን ፓፉን በእጅዎ ይያዙ። ክዳኑን ይክፈቱ፣ በደንብ ያናውጡ። ታማሚው ቀና ብለው ተቀምጠው አየሩን ቀስ ብለው ያውጡ። ከንፈራቸውን በፓፉ አፍ ዙሪያ ይግጠሙ። ቀስ ብለው መሳብ ሲጀምሩ አንዴ ይጫኑ፤ መሳቡን ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይቀጥሉ። ትንፋሹን 10 ሰከንድ ያህል ይያዙ። ሁለተኛ ፓፍ ከታዘዘ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይተው ይድገሙ። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ አለዚያ ምላሳቸው ላይ ነጭ ፈንገስ ይወጣል። ሲጫኑ ከአፋቸው ወይም ከአፍንጫቸው ጭጋግ ከወጣ መድኃኒቱ ሳንባ አልገባም።

ብዙ አዛውንቶች መጫኑንና መሳቡን አንድ ላይ ማድረግ ያቅታቸዋል። መፍትሔው ስፔሰር የሚባለው በመሐል የሚገባ ዕቃ ነው፤ ካልተገኘ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። በ1999 ላንሴት ላይ የወጣ የደቡብ አፍሪካ ጥናት አስም የተነሣባቸውን ሕፃናት በግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ አክሞ ከፋብሪካው ስፔሰር ያልተናነሰ ውጤት አግኝቷል። ጥናቱ በሕፃናት ላይ ነው፤ ዘዴው ግን ለትልቅ ሰውም ይሠራበታል። የጠርሙሱን ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ በጋለ ሽቦ ይብሱት፤ ፓፉ ጥብቅ ብሎ ይግባ፤ ዙሪያው በፕላስተር ይታሸግ። የጠርሙሱ አፍ የታማሚው አፍ ይሆናል። በሳሙና ውሃ አጥበው ሳይወለውሉ በራሱ ያድርቁት፤ በጨርቅ የታሸ ፕላስቲክ መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ይስባል። አንዴ ይጫኑ፣ 4 ወይም 5 ጊዜ ቀስ ብለው ይተንፍሱበት።

ከውጭ አገር መድኃኒት የሚልኩ ልጆች ደግሞ ይህን ይስሙ። ከላካችሁት ውስጥ በመሣሪያ ተበስቶ ዱቄቱ የሚሳብ ካፕሱል አለ። አያያዙን ያላየ ሰው በውሃ ይውጠዋል፤ የዋጡት ካፕሱል ለሳንባ አይሠራም። ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፦ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2008 የራሱን ሕዝብ በዚሁ ጉዳይ አስጠንቅቋል። መድኃኒቱን ስትልኩ አሳሳቡን በቪዲዮ አብራችሁ ላኩ፤ ሲስቡም በቪዲዮ እዩአቸው።

ጸበል የሚሄዱ ከሆነ ፓፉ አብሮ ይሂድ። በጾም ሰዓት ፓፍ መሳብን በተመለከተ ለንስሐ አባታቸው ወይም ለሼኻቸው ነገሩን አስረድተው ያስፈቅዱ፤ በዝምታ ከሚቋረጥ መድኃኒት ይህ ይሻላል።

ማራመድና ማስከተብ

ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ጡንቻው ይከሳል፤ ሲከሳ የበለጠ ያጥረዋል። በባለሙያ የሚመራ የእንቅስቃሴ ሕክምና ትንፋሽን እንደሚያሻሽል በብዙ ጥናት ተረጋግጧል። እሱ ባይኖር በየቀኑ ሜዳ ላይ ይራመዱ፤ ጥቂት እስኪያጥራቸው ሄደው፣ አርፈው፣ ይቀጥሉ። ሲያጥራቸው በአፍንጫ ስበው ከንፈራቸውን እንደ ፉጨት አሹለው ቀስ ብለው ያውጡ፤ ይህ የታፈነውን አየር ያስለቅቃል። የኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች ክትባት ካገኙ ያስከትቧቸው።

ሲብስ

ሦስት ነገር ይጠብቁ፦ ትንፋሹ ከወትሮው መባስ፣ አክታው መብዛት፣ አክታው ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መለወጥ። ያን ጊዜ ምን እንደሚደረግ ከሐኪሙ ጋር በጤናቸው ጊዜ ተነጋግረው በጽሑፍ ይያዙ። ብዙውን ጊዜ ሳልቡታሞል ደጋግሞ መሳብና ለአጭር ጊዜ የሚዋጥ ፕሬድኒሶሎን ይታዘዛል፤ አክታው ከተለወጠ ፀረ ተሕዋስያን ይጨመራል። በ2013 በስዊዘርላንድ 314 ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት በቀን 40 ሚሊግራም ለ5 ቀን መውሰድ ከ14 ቀኑ እንደማያንስ አሳይቷል። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲታዘዝ ምክንያቱን ይጠይቁ። ስኳር ያለባቸው ከሆነ በእነዚህ ቀናት ስኳራቸው ይለካ።

አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ግራ ከተጋቡ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው ጊዜ የለም፤ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። እዚያ ሲደርሱ «ሲኦፒዲ አለባቸው» ብለው ይናገሩ፤ ኦክስጅን ለእነሱ በልክ ነው የሚሰጠው። በ2010 የታተመ የታዝማኒያ ጥናት በአምቡላንስ ውስጥ ኦክስጅን በገፍ ከተሰጣቸው ታማሚዎች 9 በመቶው ሲሞቱ፣ የደም ኦክስጅናቸው ከ88 እስከ 92 በመቶ እንዲሆን ተለክቶ ከተሰጣቸው የሞቱት 4 በመቶ ናቸው።

የቤት ኦክስጅን የሚያስፈልገው በሽታው ተረጋግቶ ባለበት ጊዜ የደም ኦክስጅናቸው ሁልጊዜ 88 በመቶ እና ከዚያ በታች ለሆነ ነው፤ በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ሲወሰድ ዕድሜ ያስረዝማል። ከዚያ በላይ ላሉት፣ በ2016 የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜም አልጨመረም፣ ሆስፒታል መግባትንም አላስቀረም። ጣት ላይ የሚሰካ መለኪያ ገዝተው ደጋ ላይ የሚኖሩ ከሆነ በቁጥሩ አይደንግጡ፤ ከፍ ባለ ቦታ ጤነኛው ሰውም ቆላ ካለው ያነሰ ያሳያል። የኦክስጅን ሲሊንደር ያለበት ቤት ውስጥ እሳት፣ ሻማና ሲጋራ አይኑር።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስት ነገር ይዘው ይሂዱ፦ የጢሱን ታሪክ፣ የማስነፊያውን ወረቀትና ፓፉን። ፓፉን ቦርሳ ውስጥ አያስቀሩት፤ «እንዴት እንደሚስቡት ይዩልኝ» ብለው ሐኪሙ ወይም ነርሷ ፊት ያስስቧቸው።